ገንዘቡ እግሩና ጣሪያው ላይ ይዋል፦ የጓሮ ዕቃ ቤት የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ አሮጌውን የጓሮ ዕቃ ቤት አፈረስኩት። ከስድስት ዓመት በፊት ስድስት የባህር ዛፍ አጠና መሬት ውስጥ ተክዬ፣ በማገር ላይ ስስ ሳንቃ መትቼ ያቆምኩት ቤት ነበር። ባለፈው ክረምት ወደ ቦዩ በኩል ማዘንበል ስለጀመረ ላቃናው ብዬ በትከሻዬ ስደግፈው፣ አንደኛው ቋሚ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ተቀነጠሰ። የቀሩትን አምስቱን ቆፍሬ ሳወጣቸው ሁሉም በአንድ ዓይነት ሁኔታ ተጎድተው አገኘኋቸው። ቀጣዩን ቤት ከመሥራቴ በፊት ያየሁትን በጥንቃቄ መመዝገብ ይገባኛል ብዬ ይህን ማስታወሻ የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ የነበረው የቋሚው ጫፍ ጠቁሯል እንጂ አልተበላም፤ በመዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ያለውም ደህና ነው። የተበላው በሁለቱ መካከል፣ ከአፈሩ ገጽ አንድ ስንዝር ወደ ታችና አንድ ስንዝር ወደ ላይ ያለው ክፍል ነው። ያንን ክፍል በመጋዝ ስቆርጠው፣ ዳር ዳሩን የነበረው ነጣ ያለ እንጨት በሙሉ ጠፍቶ በቦታው ምስጥ ያመጣው ቀይ አፈር ተጠቅጥቆበታል፤ መሀል ላይ ያለው ቀላ ያለ ልቡ ብቻ እንደ አውራ ጣት ቀጥኖ ቀርቷል። ቤቱን እስከ ዛሬ ተሸክመው ያቆዩት እነዚያ ስድስት ቀጫጭን ልቦች ነበሩ። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት አናጺ ቁራጩን በእጃቸው እያገላበጡ ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ እንጨት የሚሞተው አንገቱ ላይ ነው» አሉኝ። ነገሩ እውነት ነው። ከሥር እርጥበት አለ፣ አየር ግን የለም፤ ከላይ አየር አለ፣ እርጥበቱ ግን ቶሎ ይደርቃል። እንጨት የሚያበሰብሰው ሻጋታ ሁለቱን በአንድነት የሚያገኘው አንገቱ ላይ ነው፤ ምስጡም ከአፈር ወጥቶ መጀመሪያ የሚደርስበት ያው ነው።

አዲሱ ቤት 2 ሜትር በ3 ሜትር ይሆናል። ዶማ፣ አካፋ፣ የመርጫ ፓምፕ፣ ቅርጫትና መሰላል ይቀመጥበታል፤ ከሁሉም በላይ ግን በየዓመቱ ከጓሮዬ የምለቅመው ሁለት ጆንያ ያህል ጀንፈል ቡና ይከተትበታል። ለዚህ ሥራ የያዝኩት 45,000 ብር ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት፣ ከበልግ እስከ ጥቅምት ድረስ አፈሩ በቅጡ የማይደርቅባት ከተማ ስለሆነች፣ ዋናው ጥያቄዬ የትኛው ቤት ያምራል ሳይሆን የትኛው ቤት ሳይረጥብ ይቆያል የሚለው ነው።

ኅዳር 12 ቀን፣ ሐሙስ

የገበያ ቀን በመሆኑ ከሂርማታ ገበያ ጀምሬ ያለውን አማራጭ ሁሉ ሳይ ዋልኩ። ሦስት መንገድ አገኘሁ፤ ያገለገለ የእንጨት ኪዮስክ ገዝቶ ማስጫን፣ ብረት በያጆች ዘንድ ከላሜራ ማሠራት፣ ወይም እንጨት ገዝቶ በአናጺ ማቆም።

ኪዮስኩ በጣም አጓጊ ነበር። ባለቤቱ ሥራ ስለቀየረ በሩንና መደርደሪያውን ጨምሮ 24,000 ብር ይሸጥልኛል፤ ቀለሙም አዲስ ነው። ሆኖም አዲስ ቀለም ብቻውን ምስክር ስለማይሆን፣ ጫፉን በሞረድ ያሾልኩትን ቁጥር 10 ምስማር ከኪሴ አውጥቼ ለመመርመር ባለቤቱን አስፈቀድኩ። ግድግዳው ላይ ስወጋው ጫፉ እንኳ አልገባም፤ በሩም መስኮቱም ጤነኛ ናቸው። ከዚያ ተንበርክኬ ወለሉን የተሸከመውን የታችኛውን ሞራሌ ስወጋው፣ ምስማሩ ያለ መዶሻ እስከ ግማሹ ሰመጠ። ስነቅለው ጫፉ ላይ እርጥብ ዱቄት ተጣብቆ ወጣ። በአራቱም ማዕዘን ሞከርኩ፤ ሦስቱ እንዲሁ ነበሩ። ሻጩ እያወቀ ያታለለኝ አይመስለኝም፤ ኪዮስኩ መሬት ላይ ተቀምጦ ስለኖረ ከሥሩ ማንም አይቶት አያውቅም። እግሩን ለመለወጥ ቤቱን በሙሉ ማንሳት ስለሚያስፈልግ ትቼው ሄድኩ። ያገለገለ የእንጨት ቤት ለመግዛት የሚያስብ ሰው ግን ከምንም አስቀድሞ እንዲህ ተንበርክኮ ታችኛውን እንጨት በሹል ነገር ይውጋው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የላሜራው ዋጋ ከአቅሜ በላይ ነው። ዋጋው ባይከብድ እንኳ፣ ቀን በፀሐይ የጋለ ላሜራ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በውስጥ በኩል ጠል ይቋጥራል፤ ያ ጠል የሚንጠባጠበው በቡናው ጆንያ ላይ ነው። እንጨት ግን እርጥበቱን ቀስ ብሎ ይቀበላል፣ ቀስ ብሎም ይመልሳል።

ስለዚህ እንጨት ገዝቼ አሠራለሁ።

ኅዳር 19 ቀን

በዚህ ሳምንት በየእንጨት መሰንጠቂያው እየዞርኩ የእንጨት ዓይነቶችን አወዳደርኩ። ሰው ሁሉ የሚመክረኝ ስለ እንጨቱ ዓይነት ነው፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ጥያቄው በሙሉ እዚያ ያለ መስሎኝ ነበር።

ከሁሉም የሚበልጠው የሐበሻ ጥድ ነው። ልቡ ሽታ ያለው፣ ምስጥም ሻጋታም በቀላሉ የማይደፍረው እንጨት ስለሆነ፣ አባቶቻችን ለቤተ ክርስቲያን ቋሚና ለአጥር ይመርጡት የነበረው በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ጥድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ክልከላ ተጥሎባቸው የነበሩ ዛፎች ናቸው። ለዶማ ማስቀመጫ የሚሆን ቤት ለመሥራት ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጥድ መግዛት ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም። ዋንዛም ለእኛ አገር ሰው የቤት ዕቃ እንጨት ብቻ አይደለም፤ የቡና ጥላ ነው። በእኔም ጓሮ አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ፤ ቡናዬ በእርሱ ሥር ነው የሚኖረው። ልቡ ጥሩ ጥንካሬ ያለው፣ ለመላግ የሚመች፣ ሲደርቅ ብዙም የማይጣመም ቢሆንም፣ የአንዱ ጣውላ ዋጋ የፈረንጅ ጥድ ሦስት ጣውላ ይገዛል። ከቤት ዕቃ ሠሪ ዘንድ የተረፈ አንድ አጭር ቁራጭ አግኝቼ ለበሩ መረገጫ ገዝቼዋለሁ፤ በእግር የሚረገጥና ዝናብ የሚያገኘው ቦታ እርሱ ስለሆነ እዚያ ላይ አልቆጠብኩም።

ግራቪሊያ በብዛት ይገኛል፣ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው፤ ነገር ግን ተባይ ቶሎ ይገባዋል። ቀረሮ ለውስጥ ሥራ መልካም ነው፤ ለዝናብ አይሆንም። የቀሩት ባህር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ናቸው። ባህር ዛፍ ከባድና ጠንካራ፣ ሸክም የሚችል እንጨት ነው፤ ጥፋቱ በችኮላ ሲደርቅ መሰንጠቁና መጠማዘዙ፣ እንዲሁም ዳሩ ላይ ያለው ነጭ እንጨት ለምስጥና ለነቀዝ መጋለጡ ነው። የፈረንጅ ጥድ ደግሞ ቀላል፣ ምስማር የሚቀበል፣ ቀጥ ብሎ የሚደርቅ ስለሆነ ለግድግዳ ይመቻል፤ ልቡም መጠነኛ ጽናት አለው። ስለዚህ ሸክሙን ባህር ዛፍ፣ ልባሱን የፈረንጅ ጥድ እንዲይዝ ወሰንኩ።

ነገር ግን ማታ ተቀምጬ ሳስብ፣ አፍርሼ ያወጣኋቸው ቋሚዎች ራሳቸው መልሱን ነግረውኛል። ያው አንድ ባህር ዛፍ፣ ያው አንድ ግንድ፣ በአንድ ስንዝር ልዩነት ከላይ ጤነኛ፣ መሀል ላይ ብስባሽ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው የእንጨቱ ዓይነት ሳይሆን የቆመበት ሁኔታ ነው። እንጨት በውስጡ ያለው እርጥበት ከክብደቱ 20 በመቶ በታች ሆኖ ከቆየ አበስባሹ ሻጋታ አይሠለጥንበትም። እንግዲያው ገንዘቡ መዋል ያለበት እንጨቱን ከአፈር በሚያርቀው እግርና ከዝናብ በሚሸፍነው ጣሪያ ላይ ነው፤ በመካከል ያለው ግድግዳ ርካሽ ቢሆንም ይኖራል።

ኅዳር 26 ቀን

የዋጋ ስሌት ሠራሁ። ለመሠረቱ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ፌሮና ዝርግ ላሜራ 8,600 ብር፤ ለባህር ዛፍ ሞራሌና ለወለል ጣውላ 11,400፤ ለግድግዳ ሳንቃ 12,800፤ ለቆርቆሮና ለቆርቆሮ ምስማር 8,500፤ ለሌላ ምስማር፣ ለማጠፊያና ለቁልፍ 2,300፤ ለቀለም 2,100፤ ለአናጺው የሰባት ቀን ሥራ በቀን 900 ብር ሂሳብ 6,300። ድምሩ 52,000 ብር መጣ፤ ከያዝኩት በ7,000 ብር ይበልጣል።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ የሲሚንቶውን እግር ትቶ ቋሚዎቹን ሬንጅ ቀብቶ መትከል፣ ቆርቆሮውንም ወደ ስሱ ጌጅ ማውረድ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ያደረግኩት ይህንኑ ስለሆነ አልደግመውም። በዚያ ፈንታ ከግድግዳው ላይ ቀነስኩ። ግንድ ሲሰነጠቅ መጀመሪያ ከዳሩ የሚወጣው፣ አንድ ገጹ ጠፍጣፋ ሌላው ገጹ ቅርፊት ያለበት ሳንቃ ለማገዶ በርካሽ ይሸጣል። ለፊት ለፊቱ ግድግዳ ብቻ ሙሉ ሳንቃ ገዝቼ፣ ለጀርባውና ለሁለቱ ጎን ይህንን የዳር ሳንቃ ብጠቀም የግድግዳው ወጪ ወደ 7,900 ይወርዳል። ጉድጓዱን እኔው ብቆፍርና ቀለሙን እኔው ብቀባ የአናጺው ቀን ወደ አምስት ይቀንሳል። ድምሩ 45,300 ብር ሆነ። 300 ብሩን እሞላለሁ።

ታኅሣሥ 4 ቀን

እንጨቱ በጋሪ ገባ። የዳር ሳንቃውን ቅርፊት በሙሉ በመጥረቢያና በአካፋ ላጥኩት፤ ከቅርፊቱ ሥር የተባይ ዕጭ ስለሚኖር ቅርፊት ያለበት እንጨት ወደ ሥራ መግባት የለበትም። ሁለት ቀን ሙሉ ወሰደብኝ።

ከዚያ ክምሩን ከመሬት በብሎኬት አንስቼ፣ በየረድፉ መካከል እኩል ውፍረት ያላቸውን ቀጫጭን እንጨቶች ጣልቃ አስገብቼ፣ በላዩ አሮጌውን ቆርቆሮ አለበስኩት። ጣልቃዎቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር መዋል አለባቸው፤ አለዚያ ሳንቃው በክፍተቱ ላይ ሆዱን ይጥላል። የባህር ዛፉን ጫፍ ጫፍ በቀለም ደፈንኩት፤ ውሃው በጫፉ በኩል ፈጥኖ ከወጣ መሰንጠቁ የማይቀር ነው።

እርጥበቱን ለማወቅ ከአንዱ ሞራሌ መሀል አካባቢ አንድ ስስ ቁራጭ ቆርጬ በወጥ ቤት ሚዛን መዘንኩት፤ 186 ግራም ሆነ። በቤታችን ኦቨን ከ100 ዲግሪ እምብዛም ባልበለጠ ሙቀት፣ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ ሳደርቀው 132 ግራም ላይ ቆመ። የጠፋው ውሃ 54 ግራም ነው፤ ያንን ለደረቁ ክብደት ሳካፍለው 41 በመቶ መጣ። በዚህ ሁኔታ ቤት ቢሠራበት ምስማሩ ይላላል፣ ግድግዳው ይከፈታል። በጋው እስኪያደርቀው መጠበቅ አለብኝ።

ታኅሣሥ 27 ቀን

ወደ ጅሬን ወጥቼ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ከዚህ ሥራ አንጻር አየሁት። በልጅነቴ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ፤ ከክፍክፉ ሥር ቆሜ ስመለከት ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ከ1870 እስከ 1924 ዓ.ም. የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ያሠሩት ይህ ቤት በብዛት እንጨት ነው፤ ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ ወጥቶ ሰገነቱን እንደ ጃንጥላ ይከልለዋል። በዚህ ዝናብ አገር የእንጨት ቤት ከመቶ ዓመት በላይ ቆሞ ሲታይ፣ ያ ሰፊ ክፍክፍ ለጌጥ ብቻ የተሠራ እንዳልሆነ ይገባል። የእኔን ክፍክፍ በ20 ሳንቲ ሜትር አስቤው ነበር፤ ወደ 40 ከፍ አደርገዋለሁ።

ጥር 25 ቀን

ሁለተኛ ሚዛን። የግድግዳው የፈረንጅ ጥድ ቁራጭ 145 ግራም መዝኖ ሲደርቅ 126 ግራም ሆነ፤ 15 በመቶ ማለት ነው፣ ደርሷል። ወፍራሙ ባህር ዛፍ ግን ከ155 ወደ 125 ወረደ፤ 24 በመቶ ነው። በሚመጣው አንድ ወር ጥቂት ይቀንሳል፤ የቀረውን ቤቱ ላይ ሆኖ ይደርቃል። ከፈረንጅ ጥዱ አንድ ትልቅ ቁራጭ 842 ግራም መዝኜ፣ ክብደቱን በእርሳስ ጽፌበት ለምስክርነት አስቀመጥኩት፤ ቤቱ ሲያልቅ ውስጡ ይሰቀላል።

ከአሥራ አምስቱ ሞራሌ ሁለቱ ተጠማዝዘዋል። ወደ ጎን አደረግኋቸው።

የካቲት 9 ቀን

መሠረቱ አለቀ። በሦስት ረድፍ ሦስት ሦስት፣ በአጠቃላይ ዘጠኝ ጉድጓድ ቆፈርኩ፤ እያንዳንዳቸው 40 ሳንቲ ሜትር በሁሉም አቅጣጫ ናቸው። ግማሹን በጥቁር ድንጋይ ጠቅጥቄ፣ በላዩ አንድ ሲሚንቶ በሁለት አሸዋ በሦስት ጠጠር የተቦካ ኮንክሪት ሞላሁ፤ ከመሬት በላይ ደግሞ በሳንቃ ቅርጽ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ እግር አወጣሁለት። ሦስት ከረጢት ሲሚንቶ በቃ። ጓሮው ወደ አዌቱ ወንዝ በኩል ስለሚያዘቀዝቅ፣ ውሃ በተሞላ ቱቦ ከፍታውን ሳመሳስል ከላይኛው ጥግ እስከ ታችኛው 18 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ተገኘ፤ ስለዚህ አጭሩ እግር 30፣ ረጅሙ 48 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ከ30 በታች እንዲሆን አልፈለግኩም፤ ዝናብ መሬት መትቶ የሚረጨው ጭቃ እንጨቱ ላይ እንዳይደርስ ነው፤ ተጎንብሼም ሥሩን ማየት እንድችል ነው።

በእያንዳንዱ እግር አናት ላይ 30 በ30 የተቆረጠ ዝርግ ላሜራ አስቀመጥኩ። በየአቅጣጫው አምስት ሳንቲ ሜትር ከኮንክሪቱ ይወጣል፤ የወጣውን ጠርዝ በመዶሻ ወደ ታች አዘንብዬዋለሁ። መሀሉን የበሳው ፌሮ ያለፈበት ቀዳዳ በሬንጅ ተደፍኗል። ጠቅላላ ዋጋው ከአንድ ቆርቆሮ ብዙም የማይበልጥ ይህ ላሜራ፣ በእኔ ግምት ከቤቱ ዕቃ ሁሉ የሚበልጥ ጥቅም አለው። ምስጥ ብርሃንና ደረቅ አየር ስለማይወድ ከአፈር ወደ እንጨት የሚሄደው የጭቃ ዋሻ እየሠራ ነው፤ ላሜራው ዋሻውን ሙሉ በሙሉ ባያስቆመው እንኳ፣ ወደ ውጭ ዞሮ እንዲሠራ ስለሚያስገድደው ሰው ያየዋል። መሬት ውስጥ የተተከለ ቋሚ ግን በውስጡ ተበልቶ አልቆ ከውጭ ምንም አይታይበትም።

የካቲት 27 ቀን

ጋሼ የምላቸው አናጺ የረመዳን ጾም ላይ ስለሆኑ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምረው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ይሠራሉ። ሥራው በዚህ ምክንያት ቢረዝምም የተበላሸ ነገር የለም፤ እንዲያውም ከሰዓት በኋላ የተሠራውን እየዞርኩ ለመመርመር ጊዜ አገኘሁ።

የታችኛው ፍሬም ላሜራዎቹ ላይ አርፏል። ማዕዘኑን ለማረጋገጥ ከጥግ ወደ ጥግ በሜትር ስንለካው አንደኛው ከሌላው በ4 ሳንቲ ሜትር በለጠ። 2 በ3 ሜትር የሆነ ወለል ማዕዘኑ ትክክል ከሆነ ሁለቱም 3 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ተኩል መምጣት አለባቸው። ጋሼ ረጅሙን ጥግ እንጨት ደገፍ አድርገው ሦስት ጊዜ በመዶሻ መቱት፤ ተስተካከለ። ጣሪያው ላይ ስንደርስ ያ 4 ሳንቲ ሜትር ቆርቆሮውን ሁሉ ያዛባብን ነበር።

የደረቀ ባህር ዛፍ ምስማር አይቀበልም፤ ወይ ምስማሩ ይታጠፋል፣ ወይ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ጋሼ መጀመሪያ በቀጭን መሰርሰሪያ ይበሱታል፣ የምስማሩን ጫፍ ደረቅ ሳሙና ላይ ይወጉታል፣ ከዚያ ይመቱታል። ከቋሚዎቹ ጥግ ላይ ሰያፍ ድጋፍ እንዲገባ ጠይቄ ነበር፤ «ሳትጠይቀኝም አገባዋለሁ፤ ያለ እርሱ ቤት ሳጥን አይሆንም» አሉኝ።

መጋቢት 6 ቀን

ጣሪያ። ፊቱ 2 ሜትር ከ40፣ ጀርባው 2 ሜትር ሆኖ ወደ ጀርባ ይፈሳል። ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ ስለሆነ ክፍክፉን በቆርቆሮው ልክ አሰላነው፤ በቁልቁለቱ አንድ ሙሉና አንድ ግማሽ ቆርቆሮ በ20 ሳንቲ ሜትር ተደራርቦ 2 ሜትር ከ80 ይሰጣል፤ በጎን አምስት ረድፍ ይበቃል። ሰባት ተኩል ቆርቆሮ፣ ማለትም ስምንት ተገዛ፤ ከግማሽ ቆርቆሮ በቀር የባከነ የለም። 28 ጌጅ ነው፤ ከስሱ ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት ለስምንት ቆርቆሮ ከአንድ የአናጺ ቀን ዋጋ ብዙም አይርቅም።

የመጨረሻውን ታችኛ ረድፍ ጋሼ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ እኔው መታሁት።

መጋቢት 25 ቀን

ከኢድ በኋላ ጋሼ ግድግዳውንና በሩን ጨረሱ። ሳንቃዎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ በየመገናኛው ቀጭን መሸፈኛ እንጨት ተመትቶበታል። መሸፈኛው የተመታው በአንደኛው ሳንቃ ላይ ብቻ ነው፤ በሁለቱም ላይ ቢመታ ሳንቃው ሲኮማተርና ሲያብጥ መሀል ለመሀል ይሰነጠቃል። ግድግዳው ከጣሪያው ሥር 10 ሳንቲ ሜትር ክፍት ተትቶ ወንፊት ሽቦ ለብሷል፤ አየር ይገባል፣ አይጥ አይገባም።

በማቅለሚያው ላይ ከጋሼ ጋር አልተስማማንም። እርሳቸው ከጋራዥ የሚወጣውን የተቃጠለ ዘይት ከውስጥም ከውጭም እንድቀባ ይመክራሉ፤ በሰፈራችን ያለው አጥር ሁሉ እንዲሁ የተቀባ ነው፣ ለጥቂት ጊዜም ተባይ ያርቃል። እኔ ግን ሁለት ምክንያት አለኝ። ቡና የአካባቢውን ሽታ ሁሉ ይስባል፤ የዘይት ሽታ የገባው ቡና ተቆልቶም አይለቀውም። ሁለተኛ፣ ያ ዘይት ከሞተሩ የወጣ የብረት ብናኝና መርዝ ስላለበት በዝናብ ታጥቦ የሚወርደው ከቤቱ ሥር ባለው የጎመን መደብ ላይ ነው። ለእርሳቸው ይህንን ሳስረዳ ጥቂት አሰቡና «የቡናውን ነገር እውነትህን ነው» አሉ። ውጩን በዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባሁት፤ የሳንቃዎቹን የታች ጫፍ ሦስት ጊዜ። ውስጡ ምንም አልተቀባም።

ሚያዝያ 17 ቀን

ትናንት ማታ ከባድ ዝናብ ዘነበ። ማለዳ ስገባ ወለሉ ላይ በጀርባው ግድግዳ ሥር አምስት እርጥብ ነጥቦች አገኘሁ፤ በአንድ መስመር፣ በእኩል ርቀት። ቀና ስል ሁሉም ያሉት እኔ በመታሁት ረድፍ ሥር ነው። ጋሼ ምስማሩን የመቱት በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነበር፤ እኔ ግን ለመምታት ስለቀለለኝ ቦዩ ውስጥ መታሁት፤ ውሃው የሚወርደው ደግሞ በቦዩ ነው። ነቅዬ ቀዳዳዎቹን በሬንጅና በቁራጭ ቆርቆሮ ደፈንኩ፤ አዲሱን ምስማር ጉብታው ላይ፣ ከራሱ ሥር ያለው ጎማ እስኪጨመቅ ድረስ እንጂ እስኪፈነዳ ሳይሆን መታሁት።

በዚህ አጋጣሚ አሸንዳ ሰቅዬ ከሥሩ 200 ሊትር በርሜል አስቀመጥኩ። ጣሪያው አሥር ካሬ ሜትር ያህል ስለሆነ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ በርሜሉን ይሞላዋል። ዋናው ጥቅሙ ግን ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ እግሮቹን እንዳይቦረቡር መከልከሉ ነው።

ሰኔ 22 ቀን

በሩ አብጦ አልዘጋ አለ። የተገጠመው እንጨቱ እጅግ በደረቀበት በመጋቢት ሲሆን በዙሪያው የተተወለት ክፍተት ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ሦስት ሚሊ ሜትር በመላጊያ ላግኩት፣ የተላገውን ጠርዝ ወዲያው ቀለም ቀባሁት። መተው የነበረበት አምስት ሚሊ ሜትር ነው።

ነሐሴ 10 ቀን

የዝናቡ ወራት መሀል ላይ ነን፤ ሦስት ቀን ፀሐይ አላየንም። ውስጡ የተሰቀለውን የምስክር ቁራጭ አውርጄ መዘንኩት። በጥር 842 ግራም የነበረው አሁን 864 ግራም ነው፤ እርጥበቱ ከ15 ወደ 18 በመቶ ወጥቷል ማለት ነው፤ 20 አልደረሰም። የዳር ሳንቃው የጀርባ ግድግዳ ከክፍክፉ ሥር ደረቅ ነው፤ ከታች አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ረጥቧል።

ከዚያ በሆዴ ተኝቼ እግሮቹን አንድ በአንድ በባትሪ አየሁ። ከዋንዛው በኩል ባለው በሰባተኛው እግር ላይ፣ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው ቀይ የጭቃ ዋሻ ከአፈሩ ተነስቶ ኮንክሪቱን ይዞ ወጥቷል። ላሜራው ሥር ሲደርስ ወደ ቀኝ ዞሮ፣ የታጠፈውን ጠርዝ ተከትሎ አንድ ጣት ያህል ሄዶ፣ እዚያ ቆሟል። በቢላዋ ስከፍተው ነጫጭ ምስጦች ወደ ታች ሸሹ። ሙሉ በሙሉ ፍቄ አጠብኩት፣ ኮንክሪቱ ላይም ቀኑን በምስማር ጫጭሬ ጻፍኩበት።

ነሐሴ 24 ቀን

ሰባተኛውን እግር ዛሬ ደግሜ አየሁት። አዲስ ዋሻ ከመሬት ሁለት ጣት ያህል ጀምሯል። ፋቅኩት። በየሁለት ሳምንቱ እመለሳለሁ።